የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ዳነ የሚባለው መቼ ነው?

እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ ድረስ በርካታ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ዳፕሶንን ለብዙ ዓመታት፣ አንዳንዶቹም ዕድሜ ልካቸውን ይወስዱ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት አጥኚ ቡድን የጥምር መድኃኒት ሕክምናን ሲመክር ግን «መዳን» የተቆረጠ ቀን አገኘ፤ ሕክምናውን የጨረሰ ከመዝገብ ይሰረዛል። ቆይቶም ባክቴሪያው በብዛት ለሚገኝባቸው የሚሰጠው ሕክምና ከ24 ወደ 12 ወር ሲያጥር የተመዝጋቢው ቁጥር በዚሁ ሳቢያም ቀነሰ። ቅናሹን ሁሉ የበሽታው ማፈግፈግ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ለባክቴሪያ ተመራማሪው ፈውሱ እውነት ነው፤ የተጎዳው ነርቭ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ የደነዘዘ እግርም ሳይታወቅ ይቆስላል። በ1965 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ከመነሻው ተሐድሶን በሙሉ መጠሪያው ይዟል። ቀዶ ሐኪሙና ጫማ ሠሪው ማገገምን የሚለኩት በሌላ መስፈርት ነው፦ ሕመምተኛው ስኒ ይይዛል? ሳይቆስል ይራመዳል? ጎረቤቱስ ቡና ይጠራዋል?