ግድግዳ የሌለው ሲኒማ

ሲኒማን ከአዳራሽ ወደ ሜዳ የማውጣቱ ታሪክ ሲነሣ፣ አሜሪካዊው ነጋዴ ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ በኒው ጀርሲ፣ ሪቨርተን ከተማ፣ በመኖሪያ ቤቱ ግቢ ያደረገው ሙከራ ይታወሳል። ሰውዬው የፊልም ማሳያ መሣሪያውን በመኪናው የሞተር ክዳን ላይ አኖረ፤ ሸራውን ከዛፎች ጋር ቸነከረ፤ ለድምፅ ይሆን ዘንድም ከሸራው በስተጀርባ ራዲዮ አስቀመጠ። ዝናብ ቢጥል ተመልካቹ ምን ያይ ይሆን ብሎ በአትክልት ማጠጫ መኪናውን እያረጠበ ፈተነ። የኋለኛው መኪና በፊተኛው እንዳይጋረድ የፊት ጎማዎችን ከፍ አድርጎ ማቆምንም ያገኘው በዚያው ግቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 በካምደን አቅራቢያ ሲኒማው ለሕዝብ ተከፈተ። መግቢያው ለመኪና 25፣ ለእያንዳንዱ ሰው 25 ሳንቲም ነበር፤ መኪና የሌለው ሠራተኛ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልተቆጠረም።

በግቢው ውስጥ ያልታየው ችግር የተገለጠው እዚህ ነው። በሸራው አጠገብ የተተከሉት ድምፅ ማጉያዎች ጎረቤቱን ሲረብሹ፣ ከኋላ ለቆሙት ግን ንግግሩ ዘግይቶ ይደርስ ነበር። ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ያህል ብቻ ነውና፣ በ100 ሜትር ርቀት ቃል ከከንፈር ወደ ኋላ ይቀራል። መፍትሔው በ1941 የቀረበው፣ ከጦርነቱ በኋላም የተስፋፋው፣ በየመኪናው መስኮት የሚንጠለጠል አነስተኛ ድምፅ ማጉያ ሆነ። ጎረቤቱ ዐረፈ፤ ከአጥሩ ውጭ የቆመው እግረኛም ሥዕሉን ከሩቅ ቢያይ እንኳ ቃሉን መስማት ቀረበት።