ካታሎግ፣ ዕቁብና የጋይንት ገዢ

እ.ኤ.አ. በ1932 የሊቨርፑሉ ነጋዴ ጆን ሙርስ ዕቃ በፖስታ መሸጥ ሲጀምሩ ይዘውት የቀረቡት ዘዴ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። 20 ሰዎች ይሰባሰቡና እያንዳንዳቸው ለ20 ሳምንታት በሳምንት አንድ ሽልንግ ያዋጣሉ። ተራው የደረሰው ሰው ከካታሎጉ ላይ የአንድ ፓውንድ ዕቃ ይመርጣል። ስሙን እንግሊዞች ክለብ አሉት እንጂ ነገሩ ዕቁብ ነው፤ ባለተራው በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ዕቃ ከመውሰዱ በቀር።

የሙርስ ኩባንያ ሊትልዉድስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1923 ሲሆን መነሻውም የእግር ኳስ ውርርድ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከተበተኑት 4,000 ኩፖኖች ተሞልተው የተመለሱት 35 ብቻ ነበሩ። ኋላ ግን ውርርዱ ሰመረ፤ ኩባንያው የብዙ ሺሕ ቤተሰቦችን አድራሻ በእጁ አስገባ። የካታሎግ ንግዱ የበቀለው ከዚህ አድራሻ ላይ ነው። በእርግጥ ፈር ቀዳጁ እርሳቸው አልነበሩም። ዌልሳዊው ፕራይስ ፕራይስ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1861 የሱፍ ጨርቅ በፖስታ ይሸጡ ነበር። የሰዓት መግዣ ክለቦችም ቀድሞ የነበሩ ናቸው።

ብዙ ጊዜ ሳይወሳ የሚቀረው የሰብሳቢዋ ሚና ነው። ካታሎጉን ይዛ በየጎረቤቱ የምትዞረው፣ ትዕዛዝ የምትቀበለው፣ ሳምንታዊውን ክፍያ የምትሰበስበውና ኮሚሽን የምታገኘው አንዲት የሰፈር ሴት ነበረች። ባንክ የማያውቀውን ሠራተኛ እርሷ ታውቀዋለች፤ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚያስቸግር ጠንቅቃ ትለያለች። ፖስተኛው ዕቃውን እደጅ ያደርሳል፤ ያልወደደ ይመልሳል። ክሬዲት ካርድና ኢንተርኔት ሲመጡ ግን ይህች ሴት አላስፈለገችም። ሙርስ እ.ኤ.አ. በ1993 አረፉ፤ ቤተሰባቸው በ2002 ኩባንያውን ለባርክሌይ ወንድማማቾች በ750 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። የወረቀቱ ካታሎግ በ2015 ቀረ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግብይት የሚውለው በገበያ ቀን ነው፤ የታች ጋይንት ዋና ከተማ ስም ራሱ ዓርብ ገበያ ነው። ከአዲስ አበባ የሚፈለግ ዕቃ ሲኖር ደግሞ ዘመድ ይታዘዛል፣ ዕቃው በካርቶን ታስሮ ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣል። ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ቢኖረንም ሥራው በፖስታ ሣጥን ላይ የቆመ በመሆኑ ቤት ድረስ የሚያመጣ ፖስተኛ አልለመድንም። ዕቁቡ አለን፣ የምትታመን ጎረቤት አለችን፤ የጎደለን የቤት ቁጥርና ፖስተኛ ነው።

ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር መክፈል ተችሏል። በቴሌግራም ፎቶ አይቶ ማዘዝም የሚሞከር ሆኗል፤ ምንም እንኳ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ ቢቆይም። እንግዲህ የነፋስ መውጫ መምህርት ከአዲስ አበባ ሻጭ ስልክ አዛ፣ ብሩን ልካ፣ ሌላ ስልክ ቢደርሳት የት ትከሳለች?

መልሱ አብዛኛው ሰው እንደሚገምተው አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1687 መሠረት ካታሎግ ወይም የዋጋ ዝርዝር መላክ፣ ዕቃንም ለሕዝብ ማሳየት ውል የማቅረብ ሐሳብ አይደለም። ፎቶውን የለጠፈው ሻጭ ገና አልታሰረም ማለት ነው። ሐሳብ አቅራቢዋ «ይህን ፈልጋለሁ» ብላ የጻፈችው መምህርት ትሆናለች፤ ተቀባዩ ሻጩ ነው። በቁጥር 1692 ደግሞ በአንድ ቦታ በሌሉ ሰዎች መካከል የተደረገ ውል ተቀባዩ መልሱን በላከበት ቦታ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ማለትም አዲስ አበባ። ተከሳሹ የሚኖረውም እዚያው ነው። ለአንድ ስልክ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ የሚሄድ ማን ነው?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ፈቅዷል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቀኑ የሚቆጠረው ከተገዛበት ዕለት ነው። ካርቶኑ ስማዳ ወገዳ እስኪደርስ ምን ያህሉ ቀን እንደሚያልቅ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቀዳዳው አንድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 24 ከውል የሚመነጭ ክስ ውሉ በተደረገበት ብቻ ሳይሆን በሚፈጸምበት ቦታ ፍርድ ቤትም እንዲቀርብ ይፈቅዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ፣ መምህርቷ ብሩን ከመላኳ በፊት «ርክክቡ ነፋስ መውጫ ላይ ነው» ብላ ጽፋ ሻጩን «እሺ» ብታሰኝ፣ ክሱን በዚያው በወረዳዋ ለማቅረብ መሠረት ይኖራታል። መልእክቱን ግን ከስልኳ እንዳታጠፋው።