ድንጋይ ፈላጮቹ

በሰሜን እንግሊዝ 117 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋውን ጥንታዊ ግንብ ማን ሠራው ቢባል፣ ብዙዎቻችን «ሐድሪያን» ብለን እንመልሳለን። በ122 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሥራው እንዲጀመር ያዘዘው በእርግጥም ይኸው የሮም ንጉሠ ነገሥት ነው። ይሁን እንጂ ትእዛዝ ድንጋይ አይፈልጥም። ስለዚህ ግንብ ባነበብሁ ቁጥር «ፈላጮቹስ እነማን ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ ሲከነክነኝ ኖሯል።

የጥቂቶቹ ስም ከግንቡ ወደ ደቡብ፣ ብራምፕተን ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ በጌልት ወንዝ ዳር ካለ የድንጋይ ካባ ተገኝቷል። በ207 ዓ.ም.፣ ሊቢያ የተወለደው ሴፕቲሚየስ ሴቬሩስ በነገሠበት ዘመን፣ ወታደሮች ለግንቡ ማደሻ እንደሆነ የሚታመነውን ድንጋይ ከዚህ ገደል ይፈልጡ ነበር። መሮው በእጃቸው፣ ዓለቱም በፊታቸው ነበርና ጻፉበት። አንደኛው ጽሑፍ «በአፔርና በማክሲሙስ ቆንስልነት፣ የመርካቲዩስ የሥራ ቦታ» ይላል። ሮማውያን ዓመቱን የሚጠሩት በዚያ ዓመት በተሾሙት ሁለት ቆንስሎች ስም ስለነበረ፣ ዘመኑ ሊታወቅ የቻለው በዚሁ ነው። ሌላው ጽሑፍ ደግሞ አውጉስታ ከተባለው ሁለተኛው ሌጌዎን የተላከ ጓድ፣ አግሪኮላ በሚባል የመቶ አለቃ ረዳት ሥር መሥራቱን ይመሰክራል።

ወደ ጽሑፎቹ የሚያደርሰው መንገድ በ1980ዎቹ በመደርመሱ ጎብኚ ርቋቸው ቆየ። ዓለቱም በቀላሉ የሚሸረሸር አሸዋማ ድንጋይ ነውና ፊደሎቹ ይጠፉ ጀመር። በዚህ ምክንያት በ2019 የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የአርኪዎሎጂ ባለሙያዎች 9 ሜትር ያህል በገመድ ቁልቁል ወርደው ሁሉንም በኮምፒዩተር ምስል መዘገቡ። በዚያው ሥራ ቀድሞ ያልታወቁ ቅርጾችም አገኙ። ለሮማውያን የመልካም ዕድል ምልክት የነበረው የወንድ ሐፍረተ ሥጋ አለ። በአለቃቸው ለመሳለቅ የቀረጹት ሳይሆን አይቀርም የተባለ ፊትም አለ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከ1800 ዓመት በፊት አለቃው ዞር ሲል የተሳቀው ሳቅ እኔ ጆሮ የደረሰ መሰለኝ።

የቤተ መንግሥት ጸሐፊ የመርካቲዩስን ስም አልመዘገበለትም፤ እሱ ግን በገዛ መሮው መዘገበ። የጻፈውም ጀግንነቱን ሳይሆን የሥራ ቦታውን ነው። እኔም ከእንግዲህ ስለ ግንቡ የሚጠይቀኝ ካለ፣ «ሐድሪያን አስጀመረው፤ እነ መርካቲዩስ ድንጋይ ፈለጡለት» እላለሁ።