የኑሮ ለውጥ የሚያመጣውን ጭንቀት ለመለካት ስለ ተዘጋጀው መጠይቅና ከአገር ወደ አገር ስለ መሻገሩ

ኀዘንና ጭንቀት በሰው አካል ላይ ሕመም ሊያመጣ እንደሚችል ማንኛውም ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የአንዱን ሰው መከራ በነጥብ መዝኖ ከሌላው ሰው መከራ ጋር ለማስተያየት መሞከር ግን የሃያኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሙከራ እንዴት እንደ ተጀመረና ወደ ሌሎች አገሮች በተሻገረ ጊዜ ምን እንዳጋጠመው ማስረዳት፥ ከዚያም መጠይቁ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሲዘጋጅ ሊታሰብበት የሚገባውን ማመልከት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለነገሩ መሠረት የጣለው በስዊዘርላንድ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው የአእምሮ ሐኪም አዶልፍ ማየር ነበር። እርሱም የበሽተኛውን የሕይወት ታሪክ በዓመት በዓመት እያሰለፈ፥ ሞትን፥ ስደትንና የሥራ ለውጥን ከሕመሙ ዘመን ጎን ለጎን ይጽፍ ነበር። ከርሱም በኋላ ሐንስ ሴልየ በ1936 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፥ ልዩ ልዩ ጉዳት የደረሰበት አካል አንድ ዓይነት መልስ እንደሚሰጥ ገለጸ፤ «ስትሬስ» የሚለውም ቃል ከዚህ ትምህርት ጋር ተያይዞ በዓለም ታወቀ።

እነዚህን ሁለት ሐሳቦች አገናኝተው ወደ መለኪያ የለወጧቸው በሲያትል ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ራሂ ናቸው። በ1967 ያሳተሙት ዝርዝር 43 የኑሮ ለውጦችን የያዘ ነው። ነጥቡን ያገኙበት መንገድ እንዲህ ነበር፤ 394 ሰዎችን ሰብስበው ጋብቻ 500 ነጥብ ቢሰጠው ሌላው ነገር ከዚያ ጋር ሲተያይ ምን ያህል መለማመድ እንደሚጠይቅ እንዲገምቱ አደረጉ፤ አማካዩንም ለ10 አካፈሉት። ስለዚህ የትዳር ጓደኛ ሞት 100፥ ፍቺ 73፥ መታሰር 63፥ ጋብቻ 50፥ የገና በዓል 12 ነጥብ አገኙ። ደስታና ኀዘን በአንድ ዝርዝር የተጻፉት፥ በሊቃውንቱ አስተሳሰብ የሚያደክመው ለውጡ ራሱ እንጂ የለውጡ መክፋት ብቻ ስላልሆነ ነው።

መለኪያው ቀላል ከመሆኑ የተነሣ በፍጥነት ተሠራጨ። ይሁን እንጂ ድካሙም ብዙ ሳይቈይ ታየ። ራሂ በ1970 በአሜሪካ የባሕር ኃይል መርከቦች ላይ 2500 ያህል መርከበኞችን መርምሮ፥ በነጥቡና ከዚያ በኋላ በደረሰው ሕመም መካከል ግንኙነት መኖሩን ቢያሳይም ግንኙነቱ ደካማ ነበር። ከዚህም ሌላ ዝርዝሩ የአንድን አገርና የአንድን ዘመን መልክ የያዘ ነበር፤ ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ የቤት ዕዳ መግባት 31 ነጥብ ተሰጥቶታል፤ የገንዘቡ ዋጋ ሲለወጥ ግን ጥያቄው ትርጕሙን ያጣል።

ወደ ሌሎች አገሮች ሲሻገር የታየው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ማሱዳና ሆምስ በዚያው በ1967 ጃፓኖችንና አሜሪካውያንን ሲያስተያዩ ቅደም ተከተሉ በብዙው ተመሳሰለ፤ ነገር ግን መታሰርና ቀላል የሕግ ጥሰት በጃፓኖቹ ዘንድ ከፍ ያለ ቦታ አገኙ። በሕንድ አገር ግን ጉርሚት ሲንግና ባልደረቦቹ በ1984 መተርጐምን ብቻ ትተው 51 ነገሮችን የያዘ የራሳቸውን ዝርዝር አዘጋጁ። የትዳር ጓደኛ ሞት በ95 ነጥብ አንደኛ ሆኖ ቢገኝም፥ ስለ ጥሎሽ የሚነሣ ክርክር፥ ልጅ ማጣት፥ ሴት ልጅን ወይም የሚረዷትን እኅት መዳር በዚህ ዝርዝር ውስጥ ገቡ። እነዚህን ሲያትል ሊያስባቸው አይችልም ነበር።

በለንደን ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ የተለየ መንገድ ተከተሉ። ለአንድ ነገር አንድ ቋሚ ነጥብ ከመስጠት ይልቅ፥ ነገሩ በዚያች ሴት ኑሮ ውስጥ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ ምሥጢሯን የምታካፍለውም ሰው እንዳላት በረጅም ቃለ መጠይቅ መረመሩ። ይህ አሠራር ጊዜና ሠልጣኝ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ነገር ግን አንዱ ሞት ከሌላው ሞት የተለየ መሆኑን አይዘነጋም።

አሁን ወደ አማርኛው እንመለስ። ሪቻርድ ብሪዝሊን በ1970 እንዳስረዳው፥ የተተረጐመውን መጠይቅ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መልሶ ቢተረጕመው የቃል ስሕተት ይገለጣል። ቃሉ ትክክል ሆኖ ነገሩ የተለየ ቢሆን ግን ይህ ዘዴ አያድንም። ለምሳሌ «ፍቺ» የሚለውን ቃል ማንም በትክክል ይተረጕመዋል፤ ነገር ግን በሰማንያ የተጋባ ሰው ፍቺና በቍርባን የተጋባ ሰው መለያየት በሕሊናም በማኅበርም ፊት እኩል አይደሉም። እንዲሁም «ባለፉት 12 ወራት የቅርብ ዘመድ ሞቶብዎታልን?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። በእኛ ልማድ ግን ኀዘኑ የሚጀምረው ከሞቱ ቀን ሳይሆን ከመርዶው ቀን ነው። በሩቅ አገር የሞተ ሰው መርዶ፥ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ እስኪነገር ድረስ ሊዘገይ ይችላል፤ በዓረብ አገር ወይም በአሜሪካ ለሚኖር ሰውም የእናቱ ሞት እንዲሁ ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ መጠይቁ የሞቱንና የመርዶውን ቀን ለይቶ፥ በቀብሩ ላይ መገኘት አለመገኘቱንም ጨምሮ ሊጠይቅ ይገባዋል። ከቀብር በኋላ ለቅሶ መቀመጥ፥ አርባውና ሙት ዓመቱ አሉ፤ እነዚህ በአንድ በኩል ወጪ ናቸው፥ በሌላው በኩል የሐዘንተኛው መጽናኛ ናቸው። አንድ ነጥብ ሁለቱን አይለይም።

የጊዜውም አቈጣጠር እንዲሁ ነው። «12 ወራት» ከማለት «ካለፈው መስቀል ወዲህ» ማለት ለብዙ ሰው ትዝታን ያቀናል። «ስትሬስ» የሚለውንም ቃል በ«ጭንቀት» ብቻ መተርጐም አይበቃም፤ ሐሳብ፥ ስጋት፥ ብስጭትና ኀዘን በአማርኛ የየራሳቸው ስፍራ አላቸውና።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የሲያትልን ነጥብ ተሸክሞ መምጣት እንደማይበጅ ነው። አስቀድሞ ከከተማና ከገጠር፥ ከወንድና ከሴት፥ ከክርስቲያንና ከእስላም ሰዎች ጋር ተነጋግሮ ዝርዝሩን መሰብሰብ፥ ቀጥሎ ክብደቱን እነርሱ ራሳቸው እንዲፈርዱ ማድረግ፥ በመጨረሻም ነጥቡ ሕመምን በእውነት የሚያመለክት መሆኑን መፈተን ይገባል። ይህ ሥራ የሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡን ልማድ የሚያጠናው ሊቅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊገኝበት ይገባል። በመጠይቁ ያልተጠየቀ መከራ በቍጥሩ ውስጥ አይገባምና፥ ተሸካሚውም ደኅና ተብሎ ወደ ቤቱ ይሰናበታል።