የወጣት አሽከርካሪ የተሻሻለ ፈጣን መኪና መድን (ብሪታንያ)

ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ሞተሩ፣ ሞላው፣ ቸርኬው ወይም ማርሚታው ለተቀየረ ባለ ከፍተኛ ጉልበት መኪና፣ ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ለሆነ አሽከርካሪ የሚሰጥ የመድን ሽፋን ነው። መነሻው የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ ያደረገው የ1930 እ.ኤ.አ. የመንገድ ትራፊክ ሕግ ነው።

የአሽከርካሪው ልምድ ማነስ ከመኪናው ጉልበት ጋር ስለሚደመር አረቦኑ ይከብዳል፤ ሽፋን የሚከለክሉ ኩባንያዎችም አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለውጡን የማሳወቅ ግዴታ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸማቾች መድን ሕግ፣ ደንበኛው መድን ሰጪው ለሚያቀርብለት ጥያቄ በተገቢው ጥንቃቄ እውነቱን እንዲመልስ ይጠይቃል። ሆን ብሎ ወይም ከቁብ ሳይቆጥር የተሳሳተ መረጃ የሰጠ ሰው ውሉ ሊፈርስበትና ካሳ ሊከለከል ይችላል። ስሕተቱ የጥንቃቄ ጉድለት ብቻ ከሆነ፣ ካሳው የተከፈለው አረቦን ሊከፈል ከሚገባው ባነሰበት ልክ ሊቀነስ ይችላል። የሞተሩን ሥራ በሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ የሚደረግ ለውጥ ከውጭ ስለማይታይ ማሳወቁ በተለይ ይዘነጋል።

አረቦን ለመቀነስ ወላጅን በሐሰት ዋና አሽከርካሪ አድርጎ ማስመዝገብ ማጭበርበር ነው። አንዱ ሕጋዊ አማራጭ ፍጥነትንና የፍሬን አያያዝን የሚመዘግብ መሣሪያ በመኪናው ላይ ማስገጠም ነው፤ ይሁንና ብዙ ለውጥ የተደረገበትን መኪና በዚህ መንገድ የሚሸፍኑት ሁሉም ኩባንያዎች አይደሉም።