የአሮጌ አውሮፕላን ብረት ስንት ያወጣል?

የአንድ አሮጌ ተዋጊ አውሮፕላን ቁራጭ ሦስት ዓይነት ገዢ አለው። የመጀመሪያው በየሰፈሩ «ቆራሊዮ!» እያለ የሚዞረው ነው፤ ጫር አድርጎ አልሙኒየም መሆኑን ያረጋግጣል፣ ሚዛኑን ያወጣል፣ በኪሎ ይከፍላል። ሁለተኛው ባሕር ማዶ ያለ ሰብሳቢ ነው፤ እሱ ክብደቱን አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው። ሦስተኛው ሙዚየም ነው፣ ወይም አገር። ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የለውም፤ ገንዘብ ሲያገኝም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ቁራጩ ያው አንድ ነው፤ ዋጋው ግን እንደተመልካቹ ይለያያል።

ከአዲስ አበባ ወደ ላንጋኖ የወረደ ሰው ሁሉ የዚህ ታሪክ ዋና ቦታ በሆነችው ከተማ አልፏል። ቢሾፍቱ ስንደርስ የምናስበው ስለ ሐይቆቹና ስለ ዓሣ ጥብሱ ነው፤ ቀጥሎ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ እያልን እንወርዳለን። የድሮው ሰው ግን ከተማዋን ደብረ ዘይት ብሎ ሲጠራ መጀመሪያ ትዝ የሚለው የአውሮፕላን ድምፅ ነው። የሐረር ሜዳ ጦር ሰፈር እዚያ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይልም ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የተወለደው እዚያ ነው።

«እንደገና» ያልኩት በምክንያት ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር፤ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25። ብዙም ሳይቆይ የጀርመን ዩንከርስ ተከተለ፤ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊም የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ይህ ትንሽ ጅምር ግን ከጣሊያን ወረራ አላለፈም። አንድ ወገን በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን ሲያሰማራ፣ የእኛዎቹ በጣት የሚቆጠሩና ለመልእክትና ለቁስለኛ ማመላለሻ የዋሉ ነበሩ።

በዚያ ጦርነት የቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን ያበር የነበረ አንድ ወጣት ስዊድናዊ ነበር፤ ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን። ከነጻነት በኋላ፣ በ1938 ዓ.ም. ገደማ፣ ተመልሶ መጣና አየር ኃይሉን በማደራጀት አሥር ዓመት ያህል ቆየ። ከእሱ ጋር የስዊድን አሠልጣኞች፣ የስዊድን መካኒኮች፣ የስዊድን አውሮፕላኖችም መጡ። ለማሠልጠኛ ሳብ ሳፊር፣ ለውጊያ ደግሞ ሳብ 17። ቮን ሮዘን በመጨረሻ ሕይወቱ ያለፈችውም እዚሁ አገር ነው፤ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ በሶማሊያ ጦርነት፣ ጎዴ ላይ።

ሳብ 17ን ልብ እንበል፤ የዋጋውን ነገር እሱ ጥሩ አድርጎ ያስረዳልና። ስዊድን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠራችው ቦምብ ጣይ ነው። በጠቅላላው ከ300 በላይ ተመርተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ40 በላይ የሚሆኑት ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ወደኛ የመጣው ዓይነት ሞተሩ «ትዊን ዋስፕ» የሚባለው ባለ 14 ሲሊንደር ነው። ዲዛይኑ የአሜሪካኑ የፕራት ኤንድ ዊትኒ ነው፤ ስዊድኖች ግን በጦርነቱ ምክንያት ከውጭ ማስገባት ሲያቅታቸው ራሳቸው አመሳስለው ሠሩት፤ የፈቃዱን ክፍያ የፈጸሙት በኋላ ነው።

ይኸው ሞተር ሲ-47 በሚባለው የማመላለሻ አውሮፕላንም ላይ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህ አውሮፕላን ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ቦምብ ጣዩና የመንገደኛው አውሮፕላን ልባቸው አንድ ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ ዛሬ አንድ ሰው የዚህን ሞተር ፒስተንና የዚያኑ የሳብ 17 የዳሽቦርድ ሽፋን ይዞ ቢመጣ የትኛው ይበልጥ ውድ ነው? አብዛኞቻችን ሞተሩን እንላለን። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ነው። ትዊን ዋስፕ በዓለም ላይ ከ170 ሺህ በላይ ተመርቷል፤ መለዋወጫው ገና በየመጋዘኑ አለ። የሳብ 17 አካል ግን ከጥቂት መቶዎች የተረፈ ነው፤ ስዊድኖች አንዱን ጠግነው እንደገና ለማብረር ሲነሱ የጎደለውን ሽፋን ከሱቅ መግዛት አይችሉም ነበር። ቆራሊዮው ከባዱን ብረት ይመርጣል፤ ሰብሳቢው ደግሞ ቆራሊዮው የናቀውን ስስ ቆርቆሮ።

እኔ በሙያዬ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ስለዚህ ይህን ገበያ ሳስበው የሚመጣልኝ ዳታቤዝ ነው። አንድ መዝገብ መለያ ቁጥር ከሌለው ከሌላው ጋር ማገናኘት አይቻልም፤ መረጃው ቢኖርም የማን እንደሆነ አይታወቅም። የአውሮፕላን ክፍልም እንደዚያው ነው። በላዩ ላይ የታተመው የክፍል ቁጥር የየትኛው ዓይነት አውሮፕላን እንደሆነ ይናገራል፤ የአውሮፕላኑ የራሱ ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ ሳህን ደግሞ ይህ አውሮፕላን እከሌ ነው ትላለች። ያቺ ሳህን ክብደቷ ከማንኪያ አይበልጥም። ግን ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለእሷ ነው፤ ያለ እሷ የቀረው ሁሉ ብረት ብቻ ነውና።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ወረቀቱ አለ። የሚበር አውሮፕላን ላይ የሚገጠም ዕቃ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ መቼ እንደታደሰ፣ ማን እንደፈረመበት መታወቅ አለበት። ወረቀት የሌለው ክፍል፣ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል፣ ለመብረር አይሆንም፤ ለግድግዳ ጌጥ ወይም ለሙዚየም ይሆናል። አንድ ዓይነት ሁለት ዕቃዎች፣ አንዱ ደብተሩ አብሮት ስላለ ብቻ፣ የማይገናኝ ዋጋ የሚያወጡት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ እንዳነብ ያደረገኝ አንድ ክርክር ነው። ላንጋኖ ዳር ጓደኛሞች ተሰብስበን ሳለ አንዱ ከቦርሳው ክብ መሣሪያ አወጣ፤ የከፍታ መለኪያ። አያቱ በንጉሡ ዘመን ደብረ ዘይት መካኒክ ነበሩ፤ ሲሞቱ ከመሣሪያ ሳጥናቸው የተገኘ ነው። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ያየ አንድ የውጭ ሰው ሊገዛው ይፈልጋል። ልጁ ደግሞ ቤት ኪራይ አለበት። «ሽጠው፣ ምን ያደርግልሃል!» ያለውም፣ «የአያትህን ዕቃ?» ያለውም ነበር።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነበር፦ የማን ነው? ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ቅርስ የሚለውንም ሰፋ አድርጎ ነው የሚተረጉመው። በዚያ ላይ የጦር ኃይል ንብረት በምን መንገድ ከግቢ እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ባለቤትነቱ ራሱ ያጠያይቃል። አንድ ሌላ ነገርም አለ። የዚያ ዘመን መሣሪያዎች በጨለማ እንዲታዩ ብዙዎቹ ቁጥሮቻቸው በራዲየም ቀለም ተቀብተዋል። ቀለሙ ዛሬ ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አልሞተም፤ ራዲየም ግማሹ እስኪጠፋ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። መስታወቱን ከፍቶ ማጽዳት አደገኛ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ መሣሪያውን ከትራሱ አጠገብ ማስቀመጡን ተወ፤ መሸጡን ግን ቁርጥ አላደረገም። እኔም አልፈረድኩበትም። ኪራይ እውነት ነው።

ግን ሦስተኛውን ገዢ እናስታውስ። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ ጦርነቱ እየተፋፋመ ሳለ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። ሞተሯ የቼኮዝሎቫኪያው ቫልተር ነበር፣ 115 የፈረስ ጉልበት። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጣሊያኖች ሲገቡ ማረኳትና ወደ አገራቸው ወሰዷት፤ ከሮም ሰሜን ምዕራብ፣ ብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ተቀመጠች። የሚገርመው ብራቻኖም እንደ ቢሾፍቱዎቹ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ሐይቅ ነው።

ከወደ ስምንት አሥርት ዓመታት በላይ በኋላ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ፀሐይ ለኢትዮጵያ መመለሷ ተበሰረ። እንደ ማሽን ብናያት ምን ትጠቅማለች? ዛሬ የመጨረሻው ተራ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ይበልጣታል። በኪሎ ብናያትማ እንጨትና ሸራ ይበዛባታል፤ ቆራሊዮው እንኳ አይነካትም። ዋጋዋ ያለው በመዝገቧ ነው፦ የት ተሠራች፣ ማን ሠራት፣ ማን ወሰዳት የሚለው ስላልጠፋ ነው ትመለስ ብሎ መጠየቅ የተቻለው። ጣሊያኖች ስሟንም አመጣጧንም አጥፍተው «አሮጌ አውሮፕላን» ብለው ቢያስቀምጧት ኖሮ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር።

ተቃራኒውን መንገድ የሄዱም አሉ። ካናዳ በ1940ዎቹ የባሕር ኃይሏ ይጠቀምባቸው የነበሩ ፌይሪ ፋየርፍላይ አውሮፕላኖችን ለኢትዮጵያ ሸጣ ነበር። ለአገልግሎት የማይሆኑ ከሆኑ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ካናዳውያን መጥተው ሁለቱን ፈልገው ወሰዱ፤ ዛሬ ኦታዋና ሺርዋተር ባሉ ሙዚየሞቻቸው ይገኛሉ። ለእኛ ውዳቂ የነበረው ለእነሱ የአያቶቻቸው ታሪክ ነበር። በዚህ አልቆጣም፤ የእነሱ ባይወስዱት ምናልባት ዛሬ ድስት ሆኖ ነበር። የሚቆጨኝ እነዚያ አውሮፕላኖች በእኛ እጅ የኖሩት ረጅሙ ዕድሜያቸው መሆኑ ነው። ማን አበረራቸው፣ የትኛው መካኒክ በመለዋወጫ እጥረት ጊዜ በምን ዘዴ ጠገናቸው፣ የሚለው ክፍል የኛ ነው፤ ማንም ከውጭ መጥቶ ሊጽፍልን አይችልም።

ያ ክፍል ደግሞ ብረቱ ላይ አልታተመም። ያለው ቢሾፍቱና አዳማ በሚኖሩ፣ ዛሬ ሰማንያና ዘጠና ዓመት በደፈኑ ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው። ለጓደኛዬም ያልኩት ይህንኑ ነው፦ ለመሸጥ ለመያዝ ከመወሰንህ በፊት ቁጥሩን ፎቶ አንሳ፣ ቀጥሎ ከአያትህ ጋር የሠራ ሰው ካለ ሂድና ይህ መሣሪያ ከየትኛው አውሮፕላን እንደወጣ ጠይቅ፣ ሲያወራም ስልክህን ቅዳ ላይ አድርገው። አንድ ሽማግሌ እንዳለ ሰምቷል፤ ጆሯቸው ትንሽ ስለደከመ በስልክ አይሆንም፣ ቤታቸው ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።