ሩት ነጋ

ሩት ነጋ በአዲስ አበባ ተወልዳ በአየርላንድ ያደገች፣ ለብዙ ዓመታት በለንደን መድረኮችና በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሠራች የቴአትር፣ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናይት ናት። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበሩ፤ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ናቸው። በ2016 «ላቪንግ» በተሰኘው ፊልም ላይ በመሪ ተዋናይትነት ተጫውታ ለኦስካር ታጭታለች። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአገራችን ልማድ ቢሆን ኖሮ በአባቷ ስም ትጠራ ነበር፤ ዓለም የሚያውቃት ግን በአያቷ ስም ነው።

ልጅነትና ትምህርት

የተወለደችው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ አራት ዓመት ሲሞላት ከእናቷ ጋር ወደ አየርላንድ ሄደች። ጊዜው ደርግ በሥልጣን ላይ የነበረበት፣ ጦርነቱም ረሃቡም ሰዉን ከቀዬው ያፈናቀለበት ነው። ከጎንደር አካባቢ የተነሣው የመተማንና የአርማጭሆን ቆላ በእግሩ አቋርጦ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ይገባ ነበር። የሩት ስደት ከዚህ ይለያል፤ እሷን የጠበቃት የእናቷ አገርና የእናቷ ዘመድ ነው። አባቷ ግን ኢትዮጵያ ቀርተው፣ እሷ ሰባት ዓመት ሲሆናት በመኪና አደጋ ሕይወታቸው አለፈ።

ልጅነቷን ያሳለፈችው በሊመሪክ ከተማ ነው። ኋላ ለንደን ገብታ ከተማረች በኋላ ወደ አየርላንድ ተመልሳ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ትወና አጠናች። ራሷን አየርላንዳዊትም ኢትዮጵያዊትም አድርጋ ታያለች፤ በቃለ መጠይቆቿም አንዱን ለሌላው ስትል አትተውም።

መድረክና የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች

ሩትን በስክሪን ብቻ የሚያውቃት ተመልካች ግማሹን ሥራዋን አላየም። በ2003 «ዳክ» በተባለው ቴአትር ባሳየችው ብቃት ለእንግሊዙ የኦሊቪየር ሽልማት በተስፋ ሰጪ ጀማሪነት ታጨች። በ2009 በለንደኑ ናሽናል ቴአትር «ፌድራ» ላይ ከሄለን ሚረን ጋር ተጫወተች፤ በቀጣዩ ዓመት እዚያው መድረክ ላይ የ«ሐምሌት»ን ኦፊሊያ ሆነች። ስምንት ዓመት ቆይታ በደብሊኑ ጌት ቴአትር ወደዚሁ ተውኔት ስትመለስ የያዘችው ቦታ የራሱን የሐምሌትን ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ሐምሌት» የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ገጸ ባሕርይ ክብደት አይስተውም። ረጅሙን የብቻ ንግግር ተሸክሞ፣ እብድ መስሎ፣ አዋቂ ሆኖ፣ ምሽቱን ሙሉ መድረኩን መያዝ ያስፈልጋል። ዝግጅቱ በ2020 ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ድረስ ተጉዟል።

ከመድረኩ ጎን ለጎን በፊልም ትሠራ ነበር። በ2005 ኒል ጆርዳን ባዘጋጀው «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» ከኪሊያን መርፊ ጎን ቆመች። ከዚያ በቴሌቪዥን «ላቭ/ሄት» የተባለው የአየርላንድ የወንበዴዎች ድራማና የእንግሊዙ «ሚስፊትስ» ተከተሉ። በ2011 ቢቢሲ ባቀረበው «ሸርሊ» የካርዲፏን ድምፃዊት ሸርሊ ባሲን ተጫውታ የአየርላንድን የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት በምርጥ ተዋናይትነት ወሰደች።

«ላቪንግ»

ፊልሙ እውነተኛ ታሪክ ነው። ሪቻርድ ላቪንግ ነጭ ግንበኛ፣ ሚልድረድ ጥቁርና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ደም ያላት ወጣት ነበሩ። የቨርጂኒያ ሕግ ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ ስለሚከለክል በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ተመልሰው ቤታቸው ተኝተው ሳለ ፖሊስ በሌሊት መኝታ ክፍላቸው ድረስ ገብቶ ያዛቸው። ዳኛው የአንድ ዓመት እስራት ፈርዶ፣ ለ25 ዓመት ከቨርጂኒያ ከወጡ ቅጣቱ እንዲገደብላቸው ወሰነ። ሚልድረድ ለጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከደብዳቤው የተነሣው ክርክር በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ እንዲህ ያለውን ክልከላ በመላው አሜሪካ ሻሩት።

ከዚህ ታሪክ የፍርድ ቤት ድራማ መሥራት ቀላል ነበር። አዘጋጁ ጄፍ ኒኮልስ ግን ካሜራውን ከጠበቆቹ አንሥቶ ወደ ጓዳው አዞረው፤ ሪቻርድን የተጫወተው ጆኤል ኤጀርተንም ከአፉ ቃል የሚወጣው በግድ ነው። ስለዚህ የፊልሙ ሸክም ሩት ላይ ወደቀ፣ እሷም የተሸከመችው በዝምታ ነው። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ከታች ወደ ላይ የምታይበት አስተያየት፣ ሰው ፊት ስትናገር ድምፅዋን የምታሳንስበት መንገድ አለ። ያው ዝቅ ያለ ድምፅ ትዕይንቱ እየገፋ በሄደ ቁጥር ቁርጥ ያለ ይሆናል። የመጽሔት ፎቶ አንሺው ቤታቸው የመጣበት ትዕይንት ላይ ሪቻርድ ሶፋው ላይ ራሱን ጭኗ ላይ ጥሎ ቴሌቪዥን እያዩ ይሥቃሉ። ምንም የሚባል ነገር የለም፤ ነገር ግን ሕጉ የከለከለው ምን እንደሆነ ከማንኛውም ክርክር በላይ የሚያስረዳው እሱ ነው። ትዕይንቱ የተቀዳው የላይፍ መጽሔት ባልደረባ ግሬይ ቪሌት በ1965 ካነሣው እውነተኛ ፎቶግራፍ ነው።

ሩት ለዚህ ሥራ ለኦስካርና ለጎልደን ግሎብ ታጨች። በየካቲት 2017 ኦስካሩን የወሰደችው «ላ ላ ላንድ» ላይ የተጫወተችው ኤማ ስቶን ናት፤ ከእጩዎቹ መካከል ሜሪል ስትሪፕና ኢዛቤል ዩፔር ነበሩ።

«ላቪንግ» በወጣበት ዓመት ሌላ ሩት ደግሞ በቴሌቪዥን ትታይ ነበር። «ፕሪቸር» የተባለው ተከታታይ ድራማ (2016–2019) የመጀመሪያ ክፍል ላይ ቱሊፕ የምትባለው ገጸ ባሕርይ በሚሮጥ መኪና ውስጥ ከወንድ ጋር ትደባደባለች፤ ቆይታም ያገኘቻቸውን ሕፃናት አስተባብራ ከጣሳ የተሠራ መድፍ ትገጣጥማለች። ሚልድረድን አይቶ ወደዚህ የመጣ ሰው አንድ ተዋናይት መሆኗን ለማመን ይቸገራል።

በኋላ የመጡ ሥራዎች

በ2019 «አድ አስትራ» ላይ ማርስ ላይ የተወለደች የጣቢያ ኃላፊ ሆና ከብራድ ፒት ጋር ታየች፤ ድርሻው አጭር ነው።

ከ«ላቪንግ» ቀጥሎ የሚነሣው ሥራዋ «ፓሲንግ» (2021) ነው፤ በእኔ ግምት ከሱም ይበልጣል። ኔላ ላርሰን በ1929 ከጻፈችው ልቦለድ ተወስዶ ሬቤካ ሆል በጥቁርና ነጭ ያዘጋጀችው ይህ ፊልም፣ መልኳ ስለፈቀደላት ነጭ መስላ የምትኖር ክሌር የምትባል ጥቁር ሴት ታሪክ ነው። ባሏ ጥቁር የሚጠላ ነጭ ሲሆን፣ የሚስቱን ማንነት አያውቅም። ሩት ክሌርን አሳዛኝ አላደረገቻትም፤ ሳቂታ፣ ደፋር፣ አደጋውን የምትወድ አድርጋ ነው የሠራቻት። ሚልድረድ ስሜቷን በዝምታ ስትይዝ፣ ክሌር በሣቅ ትሸፍነዋለች። ለባፍታና ለጎልደን ግሎብ በረዳት ተዋናይትነት ታጭታ፣ የኢንዲፔንደንት ስፒሪት ሽልማትን አሸነፈች።

በ2022 ብሮድዌይ ላይ ከዳንኤል ክሬግ ጋር «ማክቤዝ»ን ሠርታ በሌዲ ማክቤዝነቷ ለቶኒ ሽልማት ታጨች። በ2024 አፕል ቲቪ ፕላስ ባቀረበው «ፕሪዙምድ ኢኖሰንት» ድራማ ውስጥ፣ ውሽማውን በመግደል የተከሰሰ ዓቃቤ ሕግ ሚስት የሆነችውን ባርባራን ተጫውታለች፤ ባልየው ጄክ ጂለንሃል ነው። በዚህ ሥራ በ2025 ለኤሚ ሽልማት በረዳት ተዋናይትነት ታጭታ፣ ሽልማቱን «አዶለሰንስ» ላይ የተጫወተችው ኤሪን ዶኸርቲ ወስዳለች።